የቦርዛው ሚካኤል አይራመድም

«ወንዝ ይሄዳል፣ መንገድ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አይሄድም።»

ይህን ያለኝ አለቃዬ ኢንጂነር ሎሪን ነው። ሲናገር ደግሞ ወንጌል የሚያነብ ነው የሚመስለው፤ ጣቱን ቀስሮ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ። ያን ቀን «እሺ ጌታዬ» ብዬ ብወጣ ኖሮ ዛሬም ደመወዝተኛ ነበርኩ። አላልኩም። ደግሜ ብወለድም አልልም!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ራቪካ እባላለሁ፣ የቦርዛ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ካርታ ነው። በእኛ በሩማንያ፣ በሰሜኑ ኮረብታ፣ መሬት ሁለት ካርታ አለው። አንዱ የኦስትሪያ ንጉሥ ሰዎች በቅድመ አያቶቻችን ዘመን በእግራቸው ዞረው የሳሉት ነው፤ ሌላው ዛሬ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው። መሬቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው አሮጌው ነው፤ መሬቱ አሁን ምን እንደሚመስል የሚያሳየው አዲሱ ነው። መንግሥት ሁለቱን አጋጥማችሁ አንድ አድርጉልኝ አለ፤ እኔ የምሠራበት ድርጅት ጨረታውን አሸነፈ።

እንዴት ይጋጠማል? ሁለቱም ላይ የሚታይ ነገር ትፈልጋላችሁ፤ ድልድይ ይሁን፣ ወፍጮ ቤት ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ይሁን። አሮጌው ላይ ያለውን አዲሱ ላይ ካለው ጋር በመርፌ እንደመውጋት አድርጋችሁ ታያይዙታላችሁ። የቀረው ሁሉ ተከትሎ ይሳባል፤ ማሳው፣ ጫካው፣ መቃብሩ። መርፌው ቦታውን ካገኘ ሁሉም ልክ ይገባል። ከሳተ ግን ሰው በገዛ አልጋው ላይ ተኝቶ በሰው መሬት ላይ ያድራል።

የቦርዛ ካርታ ተጋጥሞ ሲያልቅ በመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሰው መጥቶ ያያል፣ ቅር ያለው አቤት ይላል፣ ቀኑ ካለፈ ግን የተሰቀለው ይጸድቃል። ማጋጠሙን የሠሩት ከተማ ቢሮ ያሉት ናቸው። እኔን የላኩኝ ሰዉን አስረድቼ ፊርማ እንድሰበስብ ነበር፤ «የሀገርሽ ሰዎች ናቸው፣ አንቺን ይሰማሉ» ተባልኩ።

ሰዉ መጣ፣ አየ፣ ሳቀ።

«አንተ፣ የኔ ድንች ማሳ ላንተ ሆኗል!»

«የኔ በረት ደግሞ ላንተ! ላሞቹን ዛሬውኑ ና ንዳቸው፣ አንዷ ትራገጣለች እንጂ ደህና ናቸው!»

ተሳሳቁና ወጡ። የቦርዛ ሰው እንዲህ ነው። ድንበሩን ከአባቱ ተቀብሏል፤ ወረቀት የፈለገውን ቢል ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እትዬ ሳቬታ ግን አልሳቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው ከመንደሩ ሁሉ ላይኛው ነው፤ ከጓሯቸው የፕሪም ዛፎቻቸው፣ ከፕሪሞቹ በላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በላይ ጫካው። መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«ራቪካ፣ ነይ እስቲ። ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?»

«ጫካ ነው እትዬ።»

«የኔ ቤትስ የታለ?»

ፈለግሁት። አገኘሁትም። ቤቱ፣ ፕሪሞቹ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ሁሉም አረንጓዴው ውስጥ ነው።

«ጫካው ውስጥ ነው የገባው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«እና እኔ ድብ ነኝ?»

በዚህስ ማንም አልሳቀም። የጫካው ባለቤት ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለና። ግንድ ነጋዴዎች ከድሮ ባለቤቶቹ ወራሾች ገዝተውታል፤ ከገዙት ወዲህ ኮረብታው በመጋዝ ጩኸት ታሟል። ካርታው በተሰቀለ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎቻቸው ቀይ ቀለም ይዘው መጡና የአጥራቸውን መስመር መቀባት ጀመሩ። አንዱን ምልክት ያደረጉት እትዬ ሳቬታ የሚተኙበት ክፍል መስኮት ሥር ነው። «ካርታው ሲጸድቅ ቤቱን ታነሺዋለሽ እማማ» አሏቸው። ታነሺዋለሽ! ባልና ሚስት ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው የሠሩትን ቤት እንደ ወንበር አንሺው ይሏቸዋል!

ደሜ ፈላ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና አሮጌውን ካርታ ለብቻው አውጥቼ አየሁት። የቦርዛ ማሳ አንድም ሳይቀር ወደ ታች ተንሸራቷል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ሁሉም በአንድ ልክ፤ ሰው በእግሩ ወደ ታች የገፋው ብርድ ልብስ ነው የሚመስለው። አሮጌውን መልሼ ወደ ላይ ሳስጠጋው የወንዙ መታጠፊያ ገጠመ፣ የገደሉ ጠርዝ ገጠመ፣ የማሳው አጥር በአጥሩ ላይ ተኛ። እትዬ ሳቬታም ከጫካው ወጡ። አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለ። ሚካኤል።

ለካ መርፌው የተወጋው እሱ ላይ ነበር። ወፍጮ ቤቱን ጎርፍ ወስዶታል፤ ድልድዩ በአባቴ ዘመን ሌላ ቦታ ተሠርቷል። ከአሮጌው ካርታ እስከ ዛሬ የቀረ ሚካኤል ብቻ ስለሆነ ቢሮ ያሉት ሚካኤልን ከሚካኤል አያይዘው ጉዳዩን ጨረሱት። አሮጌው ካርታ ላይ ግን ሚካኤል ከእትዬ ሳቬታ ጓሮ በላይ አይደለም የቆመው። ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከታልፓ መንደር ወሰን ዳር ነው።

ታዲያ ንገሪያቸዋ ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ ቦርዛን አታውቁትም።

የእኛ ሚካኤል የእንጨት ነው። መሠረት የሚባል ነገር የለውም፤ ግንድ በግንድ ላይ ተደራርቦ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ በቃ። ያኔ ቦርዛና ታልፓ አብረው ነው የሠሩት፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ለሁለቱም እንዲቀርብ። ከዚያ ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ መጣላታቸውን ግን ሁሉም ያውቃል። አንድ ክረምት መሬቱ በረዶ ሲጋግር የእኛዎቹ በሬ ጠምደው፣ ግንድ አንጥፈው፣ ሚካኤልን ከነደወሉ ወደ እኛ አወረዱት። ታልፓዎች ለቅዳሴ ሲመጡ የማዕዘን ድንጋዮቹን ብቻ አገኙ። ከሰሱ። የእኛ ጉዶች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ፍርድ ቤት ቆሙና «ከጥንትም እዚሁ ነው» ብለው ማሉ። ረቱም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ቄሱ ከደጃፉ ቆመው «የሚካኤል ቤት የት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕዝቡ «እዚህ!» ብሎ ይጮኻል። እኔም ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጮኼያለሁ። ከጩኸቱ በኋላ ማማሊጋ የምንለው የበቆሎ ገንፎ በአይብና በቅቤ ስለሚቀርብ ልጅ ሆነን ማን ይበልጥ እንደሚጮኽ እንፎካከር ነበር። ማንም ግን እውነት መስሎት ጮኾ አያውቅም።

ጋሽ ጋቭሪላን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘኋቸው። የሰበካው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቦርዛ ውስጥ ሻማ አይበራም። ቄስ አናኒያም አሉ። እትዬ ሳቬታ ከታች አጥራቸውን ተደግፈው ይሰሙናል።

«ጋሼ፣ ሚካኤል ከላይ እንደወረደ በፊርማዎ ይመስክሩልኝ። እትዬ ሳቬታ ቤታቸው ይተርፋል።»

«ከየት ነው የወረደው?» አሉኝ ጋሽ ጋቭሪላ።

«ጋሼ!»

«እዚሁ ነበር።»

«እኔ'ኮ የቦርዛ ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ የቦርዛ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል? ታልፓዎች ያቺን ፊርማ ባገኙ ማግስት ፍርድ ቤት ናቸው። ሚካኤልን አስረክበን የት ልንጸልይ ነው? አዳራሹ ውስጥ፣ ፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ላይ?»

«ጋቭሪላ» አሉ እትዬ ሳቬታ ከአጥሩ ሥር። «ለሚካኤል ስትይ ከቤትሽ ውጪ ነው የምትለኝ?»

«እንዲያ አላልኩም ሳቬታ።»

«ነው ያልከው። ችግር የለም፣ በለኝ። ግን ዓይን ዓይኔን እያየህ በለኝ።»

ጋሽ ጋቭሪላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ። ቄስ አናኒያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እግዚአብሔር መንገድ ያመጣል» አሉ።

«አመጣ እኮ አባ! ይቺን ልጅ አመጣ፤ እናንተ ናችሁ በሩን የዘጋችሁባት!» ብለው እትዬ ሳቬታ ወደ ቤታቸው ገቡ። በሩን ሲዘጉት የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

በዚያው ወደ ከተማ ወረድኩ። ያለ ፊርማም ቢሆን ለኢንጂነር ሎሪን ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ወንዙ መግጠሙን፣ ገደሉ መግጠሙን፣ አጥሩ መግጠሙን አሳየሁት። ያኔ ነው ያን ወንጌሉን የነገረኝ።

«ግን አሮጌው ላይ ያለበትን ይዩት'ንጂ!»

«አሮጌው ተሳስቷል። የዚያን ዘመን ቀያሽ ጠጥቶ ይሆናል። ስሚ ራቪካ፣ ታልፓዎች ይሄን ተረት መቶ ዓመት ሲያወሩት ኖረዋል፤ ሐሰት ነው ብሎ የማለው የገዛ መንደርሽ ነው። ሲመቻችሁ እዚህ፣ ሳይመቻችሁ እዚያ?»

ይሄኛው እውነት ስለነበር ይበልጥ አበሸቀኝ። «መጥተው በዓይንዎ ይዩት» አልኩት። «እመጣለሁ» አለ፤ «ካየሁ በኋላ ግን ካርታው ላይ ፊርማሽን አኑረሽ ዝም ትያለሽ።»

መጣም። መሣሪያውን በሦስት እግሩ ከሚካኤል ማዕዘን ሥር ተከለው። ወሬ ሰምቶ ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ ግቢው ሞላ። ኢንጂነሩ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ጠበጠበ፣ ከዚያ ሳቀ።

«እና ይሄን ነው በበሬ ጎተትነው የምትሉት?»

«እኛ ምንም አላልንም» አሉ ጋሽ ጋቭሪላ ፈጠን ብለው።

«ጎሽ! እኔም ለዚች ልጅ ያልኳት ይሄንኑ ነው። ይሄን የሚያህል ነገር፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ ክሬን የለ፣ ሞተር የለ... ገበሬ በገመድ ስቦ ሊያወርደው! አረቄ ሞቅ ሲያደርግ የሚወራ ወሬ ነው።»

የጋሽ ጋቭሪላ አንገት መቅላት ጀመረ። ከአንገት ወደ ጆሮ ወጣ።

«አልቻሉም ነው የምትለው?»

«ማንም አይችልም አባት።»

«የኔ ቅድመ አያት አልቻለም?»

ቄስ አናኒያ የጋሽ ጋቭሪላን ኮት ጫፍ ጎተቱ። «ጋቭሪላ፣ ተው...»

«ይተዉኝ አባ! በሬዎቹን በስም በስማቸው እናውቃቸዋለን! ቅድመ አያቴ ፊት ፊት ሆኖ ነው የሳበው፤ ትከሻው ዳግመኛ አልተቃናም! እንዲህ ሆኖ ወረደ እንጂ...»

ዝም አሉ። የተናገሩትን የሰሙት ከሰው ሁሉ ኋላ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እትዬ ሳቬታ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እንባቸውም ይወርዳል። ጋሽ ጋቭሪላን ሲክዱ የኖሩትን ያስለፈለፋቸው ለእትዬ ሳቬታ ማዘን ሳይሆን የአያት ጉልበት መናቁ መሆኑ አናደደኝም፣ አሳቀኝም።

ኢንጂነሩ ግን መሣሪያውን ማጣጠፍ ጀምሯል። «ወሬ ካርታ አይቀይርም። ይሄ ነገር ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ባየሁ መርፌውን በእጄ እነቅል ነበር» አለ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና» አሉት ጋሽ ጋቭሪላ።

«ለምን?»

«ና ብዬሃለሁ!»

እሑድ ቄስ አናኒያ ቀድሰው ሲያበቁ ንዋየ ቅድሳቱን በየተራ አሸክመው አወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን አወጡ። ቦርዛ ውስጥ ያለ የመኪና ክሪክ ሁሉ መጥቶ ነበር። ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ እያስገቡ የታችኛውን ግንድ ከድንጋዩ ላይ አነሡት፤ ከሥሩ ተልጠው የለሰለሱ የጥድ ግንዶች አነጠፉለት። አንዱ ጎረምሳ «ትራክተር ላምጣ?» ቢል ጋሽ ጋቭሪላ ዱላቸውን አነሡበት።

«በትራክተር ከሆነማ የቻለው ትራክተሩ ነው ሊሉን! በእጅ ነው፣ በእጅ!»

ኢንጂነር ሎሪን ካርታውን ከሚያጸድቀው ኮሚሽን ከመጣ አንድ ሰው ጋር ደረሰ። ያየውን አይቶ ጮኸ።

«አብዳችኋል? ቅርስ ነው! ትታሰራላችሁ!»

«ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ባየሁ ያለው ማነው?» አሉት ጋሽ ጋቭሪላ። «መሣሪያህን ትከል። ትከልና አፍጥጠህ እይ።»

ተከለ። ምን ያድርግ? ወሬው ታልፓም ደርሶ ኖሮ ኮረብታው ጫፍ ላይ ሰው እንደ አጥር ተደርድሯል። እኛ ገመዱን ያዝን። እትዬ ሳቬታ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው ከመሃል ገቡ። እኔም አለቃዬ እያየኝ ጃኬቴን ጥዬ ከእሳቸው ኋላ ቆምኩ።

«ራቪካ፣ ገመዱን ከነካሽ ሥራሽ አበቃ!» አለኝ።

«እንግዲያው አበቃ!» አልኩትና ያዝኩ።

«ሆ በሉ!» አሉ ጋሽ ጋቭሪላ። ሳብን። ምንም። «የቦርዛ ሰው ነው ወይስ ገለባ? ሆ በሉ!» ሳብን። እንጨቱ ከሆዱ አቃሰተ። ከላይ ታልፓዎች ያፏጩብናል። እትዬ ሳቬታ ድንገት «ቤቴን!» ብለው ጮኹ፤ ሌላ አላሉም፤ «ቤቴን!» ብቻ። ምን እንደገባብን እንጃ፣ ገመዱ በእጃችን ውስጥ ላላ። ሚካኤል ሄደ።

ሄደ! ደወሉ ማንም ሳይነካው ጓ አለ። ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ አለቀሰ፣ ኢንጂነሩ መሣሪያውን እያየ «አንድ ሜትር... ሁለት... አቁሙ! አመንኩ! አቁሙ!» ይላል። ማን ሊያቆም? እንዴት እንደሚቆም ማሰብ የረሳነው እኛው ነን። ቁልቁለት ነው፣ ግንዱ የተላጠ ነው፣ ሚካኤልም ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ሰልችቶታል መሰለኝ፤ ገመዱን ጥለን ወደ ጎን ስንዘል እያዘገመ ወረደ። አጥር ጣሰ። ሁለት የፕሪም ዛፍ ገነደሰ። ሦስተኛውን ተደግፎ ቆመ፤ እትዬ ሳቬታ ጓሮ መሃል፣ ደጃፉን ወደ ወጥ ቤታቸው አዙሮ።

ከዚያ ከኮረብታው ጫፍ አንድ የታልፓ ሽማግሌ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ቦርዛዎች! አሁንስ የሚካኤል ቤት የት ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ጋቭሪላ ዞረ። ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል። ደረታቸውን ነፉ።

«እዚያ! አንተ የቆምክበት ነበር! የወሰድነውም እኛ ነን!»

«ይመለስልን!»

«ኑና ሳቡት! ሽቅብ ነው!»

ላይም ታችም ሳቅ ሆነ። በዚያ ሳቅ መሃል የኮሚሽኑ ሰው የጋሽ ጋቭሪላን ቃል ጻፈ፣ አስፈረመ። ኢንጂነር ሎሪን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። ደግነቱ ቃሉን አላጠፈም፤ «መርፌው ይነቀላል» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእትዬ ሳቬታ እውነቱን ነገራቸው፤ አዲሱ ካርታ ተጋጥሞ እስኪጸድቅ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፣ እስከዚያ ግንድ ነጋዴዎቹ መጥተው አጥራቸውን ቢተክሉ የሚከለክላቸው ወረቀት የለም። እትዬ ሳቬታ ሰምተው ጓሯቸው የቆመውን ሚካኤል ቀና ብለው አዩት። ገመድ የላጠው መዳፋቸው ይደማል፣ እሳቸው ልብ አላሉትም።

ጋሽ ጋቭሪላ የተገነደሱትን ፕሪሞች አይተው ራሳቸውን ያዙ። «ይቅር በይኝ ሳቬታ። ስለ ዛፎቹም፣ ስለ ቀድሞውም። ነገ በጠዋት ሰው ሰብስቤ ከጓሮሽ አነሣልሻለሁ።»

«እንዳትነካው!»

«ምን?»

«እንዳትነካው አልኩህ። ዓመትም ይፍጅ ሁለት ዓመት እዚሁ ይቆማል። አባ፣ ዕቃዎን ያስገቡ፣ የሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ እኔ ጓሮ ነው!» ወደ መስኮታቸው ዞሩና ሥሩ ያለውን ቀይ ቀለም በደማው እጃቸው አመለከቱት። «እነዚያ ባለ ቀለሞች ይምጡ። ይምጡና በመጀመሪያ ሚካኤልን ከጫካችን ውጣ ይበሉት!»